14 ወር ከድሮዋ ናፍጣ ሃይሉክስ ጋር፣ ደሴ ላይ

ልገዛት የሄድኩ ቀን ኮፈኗን በእጄ ዳሰስ አረኩት፣ ሙቅ ነው። ደላላው «አሁን ከቤት እየነዳናት መጥተን እኮ ነው» አለኝ፣ እኔም የዋሁ አመንኩ። በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ የኅዳር ብርድ ደሴን በያዘበት ሰዓት ቁልፍ ሳዞር መኪና ሳይሆን የታመመ በሬ ነው ያቃሰተው። ደግሜ ባዞር ያው፣ ሶስተኛ አራተኛ እያልኩ ባትሪው ራሱ ሲደክም የሰፈር ልጆች ተጠርተው በግፊያ ተነሳች፣ ሰፈሩንም በነጭ ጭስ አጠነችው። ጎረቤቴ እትዬ በር ከፍተው «ምነው ልጄ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» ነው ያሉኝ።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት፣ 3ኤል ሞተር፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የላት ኮምፒውተር የላት፣ በፈረንጅ የ90ዎቹ ስሪት። የገዛኋት ኅዳር 2017 ነው። የህንፃ መሳሪያ ሱቅ ስላለኝ በሳምንት ሁለቴ ኮምቦልቻ ወርጄ ሚስማርና ሽቦ እጭናለሁ፣ አንዳንዴ ሰኞ ባቲ ገበያ፣ እሁድ ደሞ ኩታበር እናቴ ጋ። አዲስ ለመግዛት አቅሙ የለም፣ በዛ ላይ 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ወርቅ ሆኗል። ስንት ገዛሃት እንዳትሉኝ፣ ሚስቴ ይሄንን ልታነበው ትችላለች።

ወደ ብርዱ ልመለስ። ኤሌትራውቶ ጋ ወሰድኳት፣ ልጁ አራቱንም ካንዴሌታ፣ ማለት ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሟሙቁትን ዘንጎች፣ ፈታቸውና አንድ በአንድ ከባትሪ በሽቦ እያገናኘ አሳየኝ። አንዷ ጫፏ እንደ ከሰል ፍም ቀላች፣ ሶስቱ ዝም፣ ሬሳ። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚሰጠው ካንዴላ የለውም፣ አየሩን አፍኖ በማሞቅ ነው የሚያቀጣጥለው፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደሞ ካንዴሌታው ካላሟሟቀለት ናፍጣው ሳይቃጠል ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሎጊያን በመሰለ ቆላ ብትነዷት ኖሮ ላይታወቅ ይችላል፣ ደሴ ግን ታጋልጣለች። አራቱንም ቀየርኩ፣ ካዛን ወዲህ ቁልፍ ከፍቼ መብራቷ እስክትጠፋ ጠብቄ አንዴ ነው የምትነሳው። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ኮፈኑ ሙቅ ከሆነ ሂዱና ሻይ ጠጡ፣ ወይ ነገ በጠዋት ሳታስነሷት እመጣለሁ በሏቸው። ከተቆጡ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥቁር ጭሱ ነው። ደሴ ከባህር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ከአየሩ ሩብ ገደማው የለም፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሞ ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ያለፈው ባለቤት ዳገት ላይ ደከመችብኝ ብሎ መሰለኝ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ፖምፓዋን ከፍቶላታል፣ ማለት ናፍጣው በዝቷል አየሩ ግን አልጨመረም፣ ትርፉ ጭስና የነዳጅ ብክነት ነው። ፖምፓ ሰሪው ወደ ቦታው መለሰው፣ ጉልበቷ ብዙም አልቀነሰም፣ ጭሱ ግን ቀረ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጭኜ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው፣ አይሱዙ እንኳን ጥሎኝ ሲሄድ ዝም ብዬ አያለሁ፣ ተለምዷል።

ትልቁ ጣጣዬ ሙቀት ነበር። በሁለተኛው ወር ስምንት ኩንታል ጭኜ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ግማሽ ላይ የሙቀት መርፌዋ ቀዩን ልትነካ ስትል ዳር ያዝኩ፣ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የመጀመሪያው ጋራዥ ሳይነካት «ጓርኒሲዮን በልታለች፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ፣ ማለት የሞተሩ ራስ ተፈቶ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ይቀየር ነው፣ የነገረኝ ብር ራስ ያዞራል፣ ከሐምሌ 2016 የብሩ ነገር ወዲህ መለዋወጫ እንዴት እንደናረ ታውቃላችሁ። እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ከዛ ጓደኛዬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰደኝ። መነፅራቸውን አድርገው የዘይት መለኪያውን መዘዙ፣ ጨርቅ ላይ ጠረጉት፣ «ዘይቷ ማኪያቶ አልሆነም፣ ውሃ አልገባም» አሉ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን አስነሱና ውሃው አረፋ ይተፋ እንደሆነ ቆመው አዩ፣ የለም። ከዛ ክዳኑን ገልብጠው ጎማውን በጥፍራቸው ጫር አረጉት፣ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቆ ረገፈ። «አብሽር ልጄ፣ ቴስታታህ ደና ነው፣ ክዳንህ ነው የሞተው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ደሴ ላይ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት አምቆ ነው እንዳይፈላ የሚይዘው፣ ጎማው ካለቀ ግፊት የለም፣ ዳገት ላይ ትንሽ ሞቅ ስትል ትፈላለች። ክዳኑን ቀየርን፣ ዋጋው ከአንድ ሰው ምሳ አይበልጥም። ራዲያተሩ ፊት ላይ የተጋገረውን ጭድና ጭቃ በቀስታ ውሃ አጠብነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘው ቴርሞስታት ደሞ ጭራሽ የለም፣ አንዱ አውጥቶ ጥሎታል፣ እኛ ሀገር ሞቀ ሲባል መጀመሪያ የሚጣለው እሱ ነው። ሽማግሌው መልሰው ገጠሙት። እኔ ከሱ ጋ የበለጠ የምትሞቅ መስሎኝ ነበር፣ እውነቱ ግን ሳይኖር ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደሞ ናፍጣ ይጠጣል። ካዛን ቀን ወዲህ ሐረጎን ከሰላሳ ጊዜ በላይ ጭኜ ወጥቻለሁ፣ መርፌዋ ከመሀል አልፋ አታቅም።

ነዳጅ ላይ ራሴን ነው የምወቅሰው። ማደያ ሰልፉ ሲረዝምብኝ አንድ ጊዜ መንገድ ዳር ከጀሪካን ሞላሁ፣ ዋጋው የትየለሌ፣ ከሀምሳ ኪሎሜትር በኋላ መንተፋተፍ ጀመረች። የናፍጣ ፊልትሮውን ከስሩ ያለችውን ቡሎን ላላ አርጌ በሀይላንድ ጠርሙስ ስቀበለው ግማሹ ውሃ ነው፣ ከስር ውሃ ከላይ ናፍጣ ተለይቶ ቁጭ አለ። ውሃው ብቻ ቢሆን ደግ፣ ነጭ ጋዝ የቀላቀሉበት ከሆነ ይብሳል፣ ምክንያቱም የዚች ሞተር ፖምፓ ሌላ ዘይት የለውም፣ የሚለሰልሰው በዛው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው፣ ነጭ ጋዝ ደሞ ደረቅ ነው፣ ውስጡን ይበላዋል። አሁን በወር አንዴ ፊልትሮውን አፈሳለሁ፣ ጀሪካን ሀራም ነው።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ፣ ቁልፍ ሲከፈት ዳሽቦርዱ ላይ ከዘይትና ባትሪ መብራት ጋ ቲ ቤልት የሚል መብራት አብሮ መብራት አለበት። በየ100,000 ኪሎሜትሩ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለት ቫልቩንና ፒስቶኑን የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ቀይር ለማለት የተሰራ ነው። የኔ ላይ ጭራሽ አይበራም፣ ስናየው አምፖሉ ተነቅሏል። ቺንጋውን ሳይበጠስ ቀየርኩት፣ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስቶኑ ተጋጭተው ያኔ እውነትም ቴስታታ ይወርዳል። የኪሎሜትር ቆጣሪውንማ ተዉት፣ እሱ ተረት ነው። ሞተር ቁጥሩንና ሻንሲውን ግን ከሊብሬው ጋ በዓይናችሁ አስተያዩ፣ ሞተር የተቀየረባት ከሆነች ስም ዝውውር ላይ ትንገላታላችሁ።

የተቀረው ቀላል ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትሩ፣ ስድስት ሊትር ትንሽ ፈሪ ትበላለች። ፍጆታዋ ደሴ ኮምቦልቻ ምልልስ በሊትር ዘጠኝ ኪሎሜትር፣ ከሚሴ ድረስ ሜዳ ሜዳውን አስር ከምናምን። ቁልቁለት በማርሽ ነው የምወርደው፣ ዜሮ ማርሽ አርገው የሚወርዱትን ሳይ ይዘገንነኛል፣ በዛ ምክንያት የፍሬን ሸራ እስካሁን አልቀየርኩም። ባዶዋን ስትሆን በባሌስትራዋ፣ በኋላ እግሯ የብረት ስፕሪንግ፣ ምክንያት እንደ በቅሎ ትዘላለች፣ እናቴ ኋላ ወንበር አልቀመጥም ብላለች፣ ከ90 በላይ ስትነዷት ደሞ ወሬ መሰማማት የለም። አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሼባታለሁ፣ ጆሮዬ ሁለት ቀን ጮኸ እንጂ መንገድ ላይ አልቆመችም።

አሁን ያለው ችግር ከሶስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስመልስ ክርር ትላለች፣ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። የካምቢዮ ዘይት ቀይሬ ትንሽ ለዘብ አለች፣ ሽማግሌው ግን ሰምተዋት «እስከ ፋሲካ ታደርስሃለች፣ ከዛ እንከፍታታለን» ብለውኛል።