ቁጥር 5 የዝንብ ዘንግ በሐይቅ፦ ከ8 ወር በኋላ

ይህን ዝንብ በምትመስል መንጠቆ ዓሣ የሚጠመድበት ዘንግ ወንድሜ ኅዳር ላይ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ደሴ ውስጥ ፈልጌ አጥቼ ነበር። ይኸው ሐምሌ ገባ። ዝናብ ካልከለከለኝ በቀር ቅዳሜን ሐይቅ ነው የማሳልፈው።

ርዝመቱ 9 ጫማ ነው፤ 2.7 ሜትር ማለት ነው። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ሲሆን በአራት ይፈታታል። ከእጀታው ከፍ ብሎ "5" የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ዘንግ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከስሙና ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር እዩ።

ቁጥሩ የሚናገረው ዘንጉ የሚሸከመውን ክር ነው። በተለመደው መንጠቆ የምንወረውረው ክሩ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት ነው፤ ክሩ ተከትሎ ይሄዳል። ዝንቧ ግን መንጠቆ ላይ የታሰረች ላባ ናት፤ ክብደት የላትም። ስለዚህ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። የቁጥር 5 ክር የመጀመሪያው 9 ሜትር 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። የቁጥር 6 ደግሞ 10 ግራም ተኩል ገደማ። ሲያዩት ምንም አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ንፋስ ሲነሳ ግን ልዩነቱ ይታወቃል። የኔ ክር ተመልሶ ፊቴ ላይ ይወድቃል። ንፋሱን ከጀርባዬ ለማድረግ ዳር ዳሩን ስዞር ግማሽ ቀን ያልፋል።

ጠዋት ግን ሌላ ነው። ውሃው ዝም ባለበት ሰዓት ይህ ዘንግ ደስ ይላል። ዝንቧን ከሸምበቆው ጥግ ድምፅ ሳታሰማ ያስቀምጣታል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቆሮሶ ዓሣ እንኳ ሲይዝ እያንዳንዱ መንፈራገጥ እጄ ድረስ ይመጣል። በመረብ የሚያጠምድ ሰው ይህን አያገኘውም።

አለማመጡም ለጀማሪ ጥሩ ነው። ፈጣን የሚባሉት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ ብቻ ይለመጣሉ፤ ዝግተኞቹ እስከ እጀታቸው። ይህ መሀል ላይ ነው። ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ዘንጉን ሲጎትተው ይሰማኛል፤ ያኔ ወደፊት እልከዋለሁ። እስኪዘረጋ መጠበቅን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ያስተማሩኝ ደግሞ ዝንብ ወርውረው የማያውቁ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ክሬ ከኋላዬ ጧ ሲል ሰምተው፣ "አብሽር ልጄ፣ ይኼ የቡሄ ጅራፍ አይደለም፤ አታስጩኸው" አሉኝ። ልክ ነበሩ። ክሩ እንደ ጅራፍ ከጮኸ፣ ሳይዘረጋ ቸኩለን መልሰነዋል ማለት ነው። ዝንቧም ብዙ ጊዜ ተበጥሳ ትቀራለች። እኔ በዚያ መንገድ ከ20 በላይ ዝንብ አጥቻለሁ። አሁን የበዓል አውራ ዶሮ ሲታረድ የአንገቱን ላባ አስቀምጬ ራሴ አስራለሁ። የበግ ጠጉርም ለሆዷ ይሆናል።

ጉድለቱን ልናገር። ሁለተኛው መጋጠሚያ በሦስተኛው ወር መላላት ጀመረ። አንድ ቀን ስወረውር የላይኛው ክፍል ተነቅሎ ከክሩ ጋር ውሃ ውስጥ ገባ። ክሩ ባይዘው ኖሮ አከተመ። ከዚያ ወዲህ መጋጠሚያውን በደረቅ ሻማ ቀባ አደርገዋለሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱም አጠብቀዋለሁ። እንደገና አልወለቀም። የእጀታው ቡሽም እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። ክሩ የሚጠቀለልበትን ሪል የሚይዘው ቀለበትም ይላላል፤ ይህ ግን ዓሣ አላሳጣኝም።

በአራት መፈታታቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ከነማስቀመጫው ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቴ መሀል ይቆማል። ሁለት ብቻ የሚፈታ ቢሆን መኪና ጣራ ላይ ይወጣ ነበር፤ ያኔ መሰበሩ አይቀርም። ማታ ቤት ስገባ ሳላደርቅ ማስቀመጫው ውስጥ አልመልሰውም።

ለአምባዛ ግን አትመኑት። ሚያዝያ ላይ አንድ ትልቅ ነክሶ ዘንጉን እስከ እጀታው አጎበጠው። ወደ ጥልቁ ሲወርድ ዝንቧ የታሰረችበት የጫፉ ቀጭን ክር ተበጠሰ። ዓሣው መንጠቆዬን ይዞ መሄዱ እስካሁን ይከነክነኛል። አምባዛ ፈልጎ የሚወጣ ሰው ቁጥር 8 ይያዝ።

ሌላም ነገር አለ። ቆሮሶ ሲራባ ወንዱ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ጎጆ ቆፍሮ ይጠብቃል። የቀረበውን ሁሉ ስለሚነክስ መያዙ ቀላል ነው። እኔ ጎጆ ባየሁበት አልወረውርም። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ እሷንም በዚያ ጊዜ መንካት አልፈልግም።

ዛሬ እንደገና ብመርጥ ለሐይቅ ቁጥር 6 እወስድ ነበር፤ ርዝመቱንና አለማመጡን ሳልቀይር። ከኋላ ሰፊ ሜዳ ለሌላችሁ፣ ክሩን ውሃው ላይ አንከባሎ መወርወርን ተማሩ፤ ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ዝንብ አይወርድም። ወንድሜን ቁጥር 6 እንዲያመጣልኝ ጠይቄዋለሁ። ቁጥር 5ቱ ግን አይሸጥም። ንፋሱ ከመነሳቱ በፊት ያሉት ሦስት ሰዓታት የሱ ናቸው።