ፔኒ ለቀማ፦ 1982 ወይስ 1992፣ ሉፕ ወይስ ማይክሮስኮፕ፣ ኢቤይ ወይስ ሱቅ

ቲክቶክ ላይ «ይቺ ፔኒ ካለችህ ሚሊየነር ነህ» ሚሉ ቪዲዮዎች ከበዙ ወዲህ አሜሪካ ያለነው፣ በተለይ ጋዝ ስቴሽንና ፓርኪንግ ምንሰራው፣ ታክሲ ምንነዳው፣ ብቻ ዝርዝር በእጃችን ሚያልፍ ሁሉ ጃር ሙሉ ፔኒ (የአሜሪካን አንድ ሳንቲም) ዘርግፈን መገላበጥ ጀምረናል። አሪፍ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳያውቅ መጀመሪያ ዕቃ ይገዛል፣ የ100 ዶላር ማይክሮስኮፕ፣ አልበም፣ ምናምን፣ ከዛ ያገኛት ፔኒ 8 ዶላር ታወጣለች። እኔ ምለው መጀመሪያ ምታሳድዷትን ፔኒ ምረጡ ነው፣ ዕቃውም መሸጫውም በሷ ነው ሚወሰነው። ስለዚህ ከሳንቲሞቹ ልጀምር።

1982 ወይስ 1992?

1982 ላይ መዳብ ስለተወደደ የአሜሪካ ሚንት (ሳንቲም ሚመታው የመንግስት መስሪያ ቤት) ፔኒን ከ95 ከመቶ መዳብ ወደ ዚንክ ቀየረው፣ አሁን ያለው 97.5 ከመቶ ዚንክ ሆኖ ላዩ ብቻ ነው መዳብ የተለበጠው። በዛ ዓመት ሁለቱም ዓይነት ተመተዋል፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመተ ምህረትም በትልቅና በትንሽ ቁጥር ወጥቷል፣ የፊላደልፊያው ሚንትና የዴንቨሩ ሲጨመርበት 7 ዓይነት 1982 አለ ማለት ነው። ስምንተኛው፣ ማለትም ዴንቨር የተመታ፣ ትንሽ ቁጥር ያለው፣ መዳብ፣ ጭራሽ የለም ሲባል ኖሮ 2016 ላይ ብቅ አለና ጨረታ ላይ ከ10 ሺ ዶላር በላይ አወጣ። ያ ሁሉ ቪዲዮ የመጣው ከዚህ ነው። ግን የታወቁት በጣት ሚቆጠሩ ናቸው እኮ፣ የቀሩት 7ቱ ደግሞ ከኪስ ሲወጡ ያው አንድ ሳንቲም ናቸው። መዳቦቹ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ከአንድ ሳንቲም በላይ ያወጣል ግን ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፔኒ ማቅለጥ በህግ ክልክል ስለሆነ እሱንም እርሱት።

1992 ግን ሌላ ነው። ጀርባውን ገልብጡና፣ የሊንከን መታሰቢያ ህንጻ ያለበትን ማለቴ ነው፣ ከላይ በእንግሊዝኛ አሜሪካ ሚለው ቃል ላይ የመጀመሪያዋን ኤ እና ኤም እዩ። ኖርማሉ የ1992 ፔኒ ላይ በሁለቱ መሃል በደንብ ሚታይ ክፍተት አለ፣ ከ1993 ጀምሮ በወጣው ዲዛይን ላይ ግን እግራቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ጥቂት የ1992 ፔኒዎች በቀጣዩ ዓመት ጀርባ ተመትተው ወጡ፣ ክሎዝ ኤኤም ሚሏቸው እነሱን ነው፣ የፊላደልፊያም የዴንቨርም አለ፣ ከኪስ የወጣ ያረጀ እንኳን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፣ ያላረጀ ከሆነ ደግሞ ሺውን ይሻገራል። ለማግኘት ከባድ ነው፣ ግን ለመለየት 1 ሰከንድ አይፈጅም፣ ሚዛን የለ ምን የለ።

1998፣ 1999 እና 2000 ላይ ነገርዬው ይገለበጣል። ኖርማሉ የተጠጋጋው ነው፣ ዋጋ ያለው የተራራቀው፣ ዋይድ ኤኤም ሚባለው፣ ምክንያቱም ለፕሩፍ ሳንቲም (ለሰብሳቢ ተለይቶ ለሚመታው ሚያብረቀርቀው) የተሰራው ጀርባ መደበኛው ላይ ስለገባ ነው። ከሶስቱ 1999 በጣም ብርቅ ነው፣ 2000 በጣም ቀላሉ፣ የ2000ዋ ከ5 እስከ 15 ዶላር አካባቢ ነው ምትሄደው። ለጀማሪ እኔ 2000ን ነው ምመርጠው፣ ሀብታም አታደርግም ግን ዕውነት ትገኛለች፣ ዓይናችሁንም ታስለምድላችኋለች፣ ዓይኑ የለመደ ሰው ደግሞ 1992 ስትመጣ አትጠፋውም።

ደብል ዳይ ሚባሉት

እዚህ ጋ ነው ሰው ሚሳሳተው። ደብል ዳይ ማለት ማተሚያው ራሱ ሲሰራ ምስሉ ድርብ ሆኖ ሲቀረጽበትና ከዛ ማተሚያ የወጣ ሳንቲም ሁሉ ድርብ ሲሆን ነው። ማሽን ደብሊንግ ሚሉት ሌላ ነው፣ ሲመታ ማተሚያው ሲንቀጠቀጥ ፊደሉን ገፍቶ ጠፍጣፋ ደረጃ ይሰራበታል፣ ይሄ በየቦታው አለ፣ ዋጋውም ዜሮ ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ ዕውነተኛው ፊደሉን ያወፍረዋል፣ ድርቡ ክብና ከፍ ያለ ነው፣ የፊደሉ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ይታያል። የማሽኑ ግን ፊደሉን ያቀጥነዋል፣ ድርቡም ዝቅ ያለና የተደፈጠጠ ነው።

ከነዚህ ውስጥ 1995 በዓይን ብቻ ይታያል፣ ሊበርቲ ሚለውን አይታችሁ ድርብ ከሆነ አለቀ። ርካሽ ነው ግን፣ ምክንያቱም ያኔ ሲወጣ ዩኤስኤ ቱዴይ የፊት ገጹ ላይ ስላወጣው አገር ምድሩ ለቅሞ አስቀመጠው፣ አሁን ደህናው ከ20 እስከ 50 ዶላር ነው። 1984 ላይ ከሊንከን ጆሮ ስር ሌላ የጆሮ ጫፍ ካያችሁ ከሱ ይሻላል። 1983 ላይ ድርቡ ያለው ጀርባው ላይ ነው፣ እሱም ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣል። 1972 ከሁሉም ያምራል፣ ዓመተ ምህረቱም ጽሁፉም ቁልጭ ብሎ ነው ሚደረበው። 1969 ከስሩ ኤስ (የሳን ፍራንሲስኮ ሚንት ምልክት) ያለባትማ ሌላ ዓለም ናት፣ በሺዎች ነው ምትጠራው፣ መጀመሪያ ላይ ሲክሬት ሰርቪስ (ፎርጅድ ገንዘብ ሚያሳድደው የመንግስት መስሪያ ቤት) ፎርጅድ መስሎት ዕውነተኞቹንም ይወርስ ነበር፣ ምክንያቱም በዛው ጊዜ ሰዎች 1969 ድርብ ፔኒ በፎርጅድ ሰርተው ተይዘው ነበር። ግን የፎርጅዶቹ ላይ ኤስ አልነበረም።

ሚዛን፣ ሉፕ፣ ማይክሮስኮፕ

ሚዛን፦ የመዳቡ 3.11 ግራም ነው፣ የዚንኩ 2.5። ልዩነቱ ከግማሽ ግራም በላይ ስለሆነ 0.1 ሚያነብ ተራ ሚዛን ለ1982 ይበቃል፣ 0.01 ሚለውን ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ዋጋቸው ከተቀራረበ ብቻ ውሰዱት። ሚዛን ከሌላችሁም ጠረጴዛ ላይ ጣል አርጓት፣ መዳቧ ትጮሃለች፣ ዚንኳ ደንቆሮ ድምጽ ነው ያላት። ባይ ዘ ዌይ 1943 መዳብ ፔኒ አገኘሁ ያለ ሰው መጀመሪያ ማግኔት ያስጠጋባት፣ የዛ ዓመት ኖርማሉ ብረት ስለሆነ ላዩን መዳብ ቀብተው ሚሸጡት ብዙ ነው፣ ማግኔት ከሳባት በቃ አትልፉ።

ሉፕና ማይክሮስኮፕ ላይ ነው ክርክሩ። 10 ኤክስ ሉፕ (10 እጥፍ ሚያጎላ፣ ዓይን ላይ ሚጠጋ ትንሽ ማጉያ)፣ ትሪፕሌት የሚባለው ባለ ሶስት መስታወቱ፣ ባውሽ ኤንድ ሎምብም ሆነ የቤላሩሱ ቤሎሞ ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ይገኛል። በ6 ዶላር «60 ኤክስ» ሚል የተጻፈበት ከገዛችሁ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው፣ ዳሩም ይጠማዘዛል። ዩኤስቢ ማይክሮስኮፑ ደግሞ ለአንድ ነገር ጥሩ ነው፣ ፎቶ። ኢቤይ ላይ ጥሩ ፎቶ የሌለው ሳንቲም ማንም አያምነውም። ለፍለጋ ግን አይሆንም፣ አንድ ቦክስ ፔኒ 2,500 ነው፣ እያንዳንዷን ማይክሮስኮፕ ስር ስታስገቡ ዓመት ይነጋል፣ ደግሞ በጣም ሲጎላ የዚንኩ ላይ ያለው ልባጥ አረፋውም ጭረቱም ስንጥቁም ሁሉ ኤረር (ሲመታ የተፈጠረ ስህተት) ይመስላል፣ ፌስቡክ ግሩፕ ላይ «ይሄ ምንድነው» ተብሎ ሚለጠፈው ግማሹ እሱ ነው። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ሉፕ። ፎቶውን በስልካችሁ ሉፑን ካሜራው ላይ አስጠግታችሁ ብታነሱት ይወጣል። 1992 እና 2000 ብቻ ከሆነ ምትፈልጉት ደግሞ ዓይኑ ደህና ለሆነ ሰው ተራ ማጉያ መነጽር ይበቃል።

የት መሸጥ

ዋጋ ስታዩ ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን እዩ፣ ሶልድ አይተምስ ሚለውን ምረጡ። ማንም 1982 ፔኒ በ50 ሺ ዶላር ለጥፎ መቀመጥ ይችላል፣ መብቱ ነው።

ሰፈር ያለ የሳንቲም ሱቅ በቦታው ካሽ ይሰጣል፣ ግን መልሶ ስለሚሸጠው ቀንሶ ነው ሚገዛው፣ ብዙዎቹ ወርቅና ብር እንጂ የ15 ዶላር ቫራይቲ (እንደ ዋይድ ኤኤም ያለ ልዩ ዓይነት) አይፈልጉም። ኢቤይ 13 ከመቶ አካባቢ ይቆርጣል፣ ፖስታ አለ፣ የሚመልስ ገዢ አለ፣ ቢሆንም ከ20 እስከ 300 ዶላር ላለ ሳንቲም ከሱቁ የተሻለ ገንዘብ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ከ1,000 በላይ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትታችሁ ሄሪቴጅን ወይም ግሬት ኮሌክሽንስን የመሰለ ጨረታ ቤት።

ግሬዲንግ (ሳንቲሙን መርምሮ ደረጃ ሰጥቶ ማሸግ)? ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ሚባሉት ድርጅቶች ያሸጉት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል፣ ግን አባልነት አለ፣ የግሬዲንጉ አለ፣ ቫራይቲውን ላዩ ላይ ለመጻፍ ተጨማሪ አለ፣ መላኪያና መመለሻ አለ። አናክስ ሚባለው ሌላው ድርጅት ያለ አባልነት በቀጥታ ይቀበላል፣ ሲሸጥ ግን የሁለቱን ያህል አያወጣም። ከ150 ዶላር በታች ያለችን ፔኒ ወደየትኛውም አልልክም። እና በእግዜር፣ ሳንቲም አትጠቡ! በኮምጣጤም በኬቻፕም በሳሙናም። ያበራች መስሏችሁ ዋጋዋን ግማሽ ታደርጉታላችሁ፣ ግሬደሮቹም ወዲያው ያውቁባችኋል።

ከየት ማግኘት

ኢንተርኔት ላይ «ያልተፈተሸ ሮል» (ሮል ማለት 50 ፔኒ የተጠቀለለበት ነው) ተብሎ ከዋጋው በላይ ሚሸጥ አለ፣ አትግዙ፣ ሻጩ ፈትሾታል። ባንክ ሮሉን በ50 ሳንቲም፣ ቦክሱን በ25 ዶላር ይሰጣችኋል። ሚንቱ ህዳር 2025 ላይ ለመገበያያ ሚሆን ፔኒ መምታት ስላቆመ (አንዷን ለመስራት 3.69 ሳንቲም እየፈጀች ነበር) አንዳንድ ባንክ የለኝም ይላል፣ አካውንት ያላችሁበት ጋ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። የፈተሻችሁትን ስትመልሱ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ውሰዱት፣ አለዚያ ሳምንት ቆይቶ ራሳችሁ የጣላችሁት ሮል ተመልሶ ይደርሳችኋል።