ባዝራ ስትገዙ ለሆዷ አትክፈሉ

ወሎ ውስጥ ፈረስ ወይም በቅሎ ለማርባት ባዝራ (ሴት ፈረስ) የምትፈልጉ ሰዎች፣ "ርጉዝ ናት" ሲሏችሁ ቆም በሉ። ደላላው ዋጋ የሚሰቅለው በዚች ቃል ነው። ባዶዋን ባዝራ በአንድ ዋጋ ይጠራታል። "በቅሎ በሆዷ ይዛለች" የተባለችውን ደግሞ ብዙ ጨምሮባት ይጠራታል። ገበያ መሃል ቆማችሁ ግን ሆዷ ውስጥ ያለው ውርንጭላ ይሁን ጭድ በዓይን ለይታችሁ አታውቁም።

የአጎቴ ልጅ አምና የተበላው እንዲህ ነው። ፎቶዋን በቴሌግራም አየ፣ ቀብድ በስልክ ላከ፣ ቀሪውን ገበያ ላይ ቆጥሮ ሰጠ። ሻጩ "አምስት ወሯ ነው፣ ያስረገዛትም የራሴ አህያ ነው" ብሎ ወላሂም በማርያምም ማለ። (ሁለቱንም አንድ ላይ የሚምል ሰው ሲገጥመኝ እኔ በበኩሌ ኪሴን ነው የምይዘው።) ባዝራዋ ቤት ገብታ ትንሽ እንደሰነበተች ሆዷ ሟሸሸ። ይኸው እስካሁን የወለደችው የለም። የሻጩ ስልክም አይነሳም።

ማታለያው የሚያዋጣው ጊዜ ስለሚገዛ ነው። ባዝራ እርግዝናዋ 11 ወር ገደማ ነው፤ ከአህያ ሲሆን ትንሽ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ "ገና ነው፣ ታገስ" እያለ ወራት ያስቆጥራችኋል። ሆድ ማስነፋት ደግሞ ምን ችግር አለው? ከገበያ በፊት ጨው ያስልሷታል፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ድርቆሽ ትጠግባለች፣ አለቀ። ደጋግማ የወለደች ባዝራም ባዶ ሆና ሆዷ ወርዶ ሊታይ ይችላል። ሌላው ሻጭ ደግሞ የሌላ ባዝራ ውርንጭላ አጠገቧ አስሮ "ይኸው ልጇ፣ ወላድ ናት" ይላል። ውርንጭላውን ፍቱና እዩ። ጡቷን ካልፈለገ ወይም እሷ ካባረረችው ልጇ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ከዚህ የሚያወጣችሁ የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው። በእጁ በፊንጢጣ በኩል ማህፀኗን ዳስሶ ይነግራችኋል። አምስት ስድስት ወር የሆነው እርግዝና ልምድ ካለው እጅ አያመልጥም። ሻጩ "ሐኪም ከነካት ታስወርዳለች" ካለ፣ ጥያቄውን ለሐኪሙ አንሱለት እንጂ ከሻጩ ጋር አትከራከሩ። ዋጋውንም ለሁለት ክፈሉት፦ የባዝራዋን ዛሬ፣ የእርግዝናዋን ሐኪም ካረጋገጠ በኋላ። በሆዷ የሚተማመን ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

ዕድሜ ላይም ተጠንቀቁ። ፈረስ በ5 ዓመቱ አካባቢ የፊት ጥርሱን ቀይሮ ይጨርሳል። ከዚያ የታችኞቹን እዩ። ጥርሱ አናት ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከመሃለኞቹ በ6 ዓመት፣ ከቀጣዮቹ በ7፣ ከዳሮቹ በ8 ገደማ ይጠፋል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ የአሮጊቷን ጥርስ ሞርዶ በጋለ ብረት አዲስ ጉድጓድ ያቃጥልበታል። የተፈጥሮው ጉድጓድ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ አለው፣ የተቃጠለው የለውም። ከንፈሯንም ከጎን ገልጣችሁ እዩ፤ ያረጀች ከሆነ ጥርሶቿ ወደ ፊት ያሾላሉ። ከ15 ዓመት ካለፈች የማርገዝ ዕድሏ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

የዘር ወሬውንስ ተዉት። የወሎው ገዥ ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ይባሉ ነበር፣ በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘምተዋል። ይህ እውነት ነው። ዛሬ የቀረበችላችሁ ባዝራ "ከእሳቸው ፈረስ ዘር" መሆኗን ግን ማን መዝግቦት? በቅሎን "አባትሽ ማነው?" ቢሏት "እናቴ ፈረስ ናት" አለች ይባላል፤ ደላላውም የሚመቸውን ዘመድ ብቻ ነው የሚጠራው።

ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) የምትገዙ ከሆነ ሁለቱም ቆለጦቹ መኖራቸውን ዳስሱ። እግሩ ወይም አንገቱ ላይ ተራ በተራ የተደረደሩ፣ እየፈነዱ መግል የሚያወጡ እባጮች ካያችሁ "የኮርቻ ቁስል ነው" ቢሏችሁም አትግዙ። በቁስል፣ በዝንብና በፈረስ ዕቃ ወደ ሌላው ፈረስ የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከደጋ ገዝታችሁ ወደ ባቲ ወይም ወደ ሐርቡ የምትወርዱ ደግሞ ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ቀድማችሁ ጠይቁ። በሽታውን የምታዛምተው ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ሙቀት ትወዳለች፣ ፈረሱም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ቀብድ ሳታዩ አትላኩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ግን ስሙን እንኳ በትክክል የማታውቁትን ሰው በምን ትከሱታላችሁ? መታወቂያውን አይታችሁ፣ ሁለት ምስክር አቁማችሁ፣ "ርጉዝ ናት ብዬ ሸጬለታለሁ" የሚል ወረቀት አስፈርሙት። ጉድለት ካያችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁት፣ ቅጂውንም ያዙ።