ሱዶክሬም፣ ዴሲቲን ወይስ ቫዝሊን? ለዳይፐር ሽፍታ የሚገዙ ቅባቶች ሲመዘኑ

ፋርማሲ ገብተው «ለዳይፐር ሽፍታ» ሲሉ ሱዶክሬም፣ ዴሲቲን ወይም ቫዝሊን ይቀርብልዎታል። ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ በቆዳውና በእርጥበቱ መካከል ይጋርዳሉ። ልዩነታቸው ጋሬጣው ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ላይ ነው።

ሽንት ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም። ከካካ ጋር ሲቀላቀል ግን በሽንቱ ውስጥ ያለው ዩሪያ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ የቆዳው አሲድነት ይቀንሳል፣ በካካው ውስጥ ያሉ ስብና ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞችም ይበረታሉ። ርሶ የላላውን ቆዳ የሚልጡት እነዚሁ ናቸው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን መቀመጫው በአንድ ሌሊት የሚቆስለው ለዚህ ነው።

ለቆሰለ ቆዳ ምርጫችን ሐምራዊው ዴሲቲን ነው። 40% ዚንክ ኦክሳይድ (እርጥበት የሚጋርድ ነጭ ዱቄት) አለው፤ ወፍራም ነው፣ በቀላሉ አይለቅም። የአሳ ጉበት ዘይት ስላለበት ይሸታል፣ ልብስ ላይ ከነካም በቀላሉ አይወጣም፤ ቢሆንም ተቅማጥ ሲኖር የሚቋቋመው እሱ ነው። ሰማያዊው ዴሲቲን 13% ብቻ ስለሆነ ለየዕለት መከላከያ እንጂ ለቁስል አይበቃም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ከመክፈልዎ በፊት ፐርሰንቱን ያንብቡ።

በ1931 ደብሊን ውስጥ የተሠራው ሱዶክሬም 15.25% ዚንክ ኦክሳይድ ይዟል። ለስለስ ያለ ነው፣ ሲቀቡት ቆዳውን አይጎትትም፤ መቀመጫው ገና መቆጣት ሲጀምር ጥሩ ነው። ላኖሊን (ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት) እና ሽቶ ስላለው ግን ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሕፃን ላይ ከተቀባ በኋላ ከባሰበት ይቁም።

ቫዝሊን ዚንክ የለውም፣ ግን ርካሽ ነው፣ ሽቶ የሌለውን ማግኘትም ቀላል ነው። ቆዳው ጤነኛ ከሆነ ማታ ከመኝታ በፊት እሱን መቀባት ይበቃል። ከዚንክ ላይ ስስ አድርገው ቢደርቡት ደግሞ ቅባቱ ከዳይፐሩ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ጥሩ ቅባት ተገዝቶ «አልሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በአቀባቡ ነው። መቀመጫውን ለብ ባለ ውሃና በጥጥ ያጥቡ፣ ሳያሹ በንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ፣ 10 ደቂቃ ያህል ያለ ዳይፐር ይተዉት። ከዚያ ከሥሩ ቆዳው እስከማይታይ ድረስ ወፈር አድርገው ይቀቡ። እንደ ሎሽን እስኪጠፋ ማሸት ጋሬጣውን ያሳሳዋል። ዳይፐር ሲቀይሩ የቆሸሸውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ይጥረጉ፤ የቀረውን ነጭ ቅባት አይፈግፍጉት፣ ከሥሩ አዲስ የሚወጣው ቆዳ አብሮ ይላጣል። ሙሉ በሙሉ ማንሳት ካስፈለገ የሕፃን ዘይት የነካ ጥጥ ያለ ሕመም ያነሳዋል። ዳይፐሩ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ካካ ካለ ወዲያው ይቀየር። ይህ ከሌለ 40 ፐርሰንቱም አያድንም።

መቅላት የሚለው ምልክት በጠይም ቆዳ ላይ ያታልላል። ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ያለ መልክ፣ መሞቅ፣ ሲነካ ማልቀስ ይታይ ይሆናል። ከዳነ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ነጣ ብሎ ቢቆይ ቁስሉ አልዳነም ማለት አይደለም።

አሁን ሽፍታው የት እንዳለ ይመልከቱ። ተራው ሽፍታ ዳይፐሩ የሚነካውን፣ ወጣ ያለውን ቆዳ ይይዛል፤ የብሽሽት እጥፋቱን ይተወዋል። እጥፋቱ ውስጥ ከገባ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣቦች ከተበተኑ፣ ከ3 ቀን በላይም ከቆየ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሕፃኑ አንቲባዮቲክ ሲወስድ ከነበረ። ዚንክ ፈንገስ አይገድልም። ሐኪሙ ክሎትሪማዞል ወይም ኒስታቲን የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ካዘዘ መጀመሪያ እሱን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሲደርቅ ዚንኩን ይደርቡ።

ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል (ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች) የተቀላቀለበትን ቅባት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀቡ። ቀዩ ቶሎ ስለሚጠፋ የሠራ ይመስላል፤ ዳይፐሩ ግን እንደታሸገ ፋሻ ሆኖ መድኃኒቱን ወደ ደም ያስገባዋል፣ ቆዳውንም ያሳሳዋል። ፓውደርም ይቅር፤ ዱቄቱ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። ትኩሳት፣ መግል ወይም ውሃ የቋጠረ እብጠት ካዩ 3 ቀን አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይየው።