ቢጫው የኪስ ፒኤች ሜትር ለባሳልትና ለጋዝ ውሃ ሙከራ

የውሃን አሲድነት (ፒኤች) የሚለካው ይህ ቢጫ ሜትር ለትምህርት ቤት ሙከራ ይበቃል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበት ውሃ (የጋዝ ውሃ) ባሳልትን፣ ማለትም ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሲነካ አሲዱ ከድንጋዩ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት እየፈታ ይዳከማል፤ ፒኤችም ከፍ ይላል። በአይስላንዱ የካርብፊክስ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመሬት በታች ከገባው ጋዝ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ካርቦኔት የተባለ ማዕድን የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ባህር ዳርም የተቀመጠችው ባሳልት ላይ ስለሆነ ድንጋዩ ከጠራቢዎች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል።

ሜትሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ቢያሳይም ማመን ያለባችሁ እስከ 0.1 ድረስ ነው። አብረውት የሚመጡትን፣ ፒኤቻቸው የታወቀ የማስተካከያ ዱቄቶች እያንዳንዳቸውን በ250 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ በጥብጡና መጀመሪያ በ6.86፣ ቀጥሎ በ4.00 አስተካክሉት። የመስታወት ጫፉን ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ያበላሸዋል፤ ክዳኑ ውስጥ በውሃ የሟሟ ፖታሲየም ክሎራይድ ጨምሩ።

ዋናው ወጥመድ ግን ጋዙ ነው። ድንጋዩ ምንም ባይሠራም ጋዙ ሲያመልጥ ፒኤች ይጨምራል፤ ሜትሩ ሁለቱን አይለይም። ከባህር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስንሆን ደግሞ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ይበረታል። ስለዚህ ስድስት ባለግማሽ ሊትር የጋዝ ውሃ በደንብ አቀዝቅዙ። ሦስቱ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ብናኙ በውሃ የታጠበለት 100 ግራም ባሳልት፣ በሌሎቹ ውስጥ ያንኑ ያህል፣ አሲዱ የማይፈታው ነጭ የኳርትዝ ጠጠር ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩና ወዲያው ክደኑ። ባዶ ውሃ ለማነጻጸሪያ አይሆንም፤ ጠጠር ራሱ አረፋ ያስነሣልና። የአካባቢው ጥቁር አሸዋም አይሆንም፤ እሱም የባሳልት ፍርፋሪ ነው። በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ክፈቱ፤ ሳትነቀንቁ ቅዱና ወዲያው ለኩ። የድንጋዩ ሥራ የባሳልቱና የኳርትዙ ፒኤች ልዩነት ብቻ ነው። ውሃው ከምንጭ የታሸገ ከሆነ በውስጡ ያለው፣ አሲድን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት ልዩነቱን ያደበዝዘዋል፤ ተጣርቶ ጋዝ የተሞላበትን ምረጡ።

ካርቦኔት መፈጠሩን ይህ ሜትር አይነግራችሁም፤ በሳምንትም ብዙ አይፈጠርም። በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስትፈትኑ ድንጋዩ አረፋ ቢያወጣ እንኳ አትቸኩሉ፤ በባሳልት ቀዳዳዎች ውስጥ ካልሳይት (ራሱ ካርቦኔት የሆነ ማዕድን) ከጥንትም ሊኖር ስለሚችል አሲዱን ከሙከራው በፊትም በዚያው ድንጋይ ላይ ጠብ አድርጉ።