ቀዩ ኮልናጎ ብስክሌቴ ከ14 ወር በኋላ፦ ግድግዳ ላይ አልሰቅለውም

ድምፁ የጀመረው በሦስተኛው ወር ነው። ሜዳ ላይ ምንም የለም። ዳገት ሲጀምር ግን፣ ቀኝ እግሬ ፔዳሉን ወደ ታች በተጫነ ቁጥር ከሥር «ቋ» ይላል። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ። ተቀምጬ ብነዳም ቆሜ ብነዳም ያው ነው።

ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ እንዲህ ሲጮህ፣ ድምፁ ብስክሌቱ ላይ አይቀርም። ቤት ድረስ ይከተላል። ማታ ተኝቼ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ብስክሌቱ ኮልናጎ ማስተር ነው። ቀይ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራ የብረት የውድድር ብስክሌት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ማርሹም፣ ፍሬኑም፣ የፔዳል ክንዱም ካምፓኞሎ ሱፐር ሬኮርድ ነው፤ በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች የሚመኙት ዕቃ። ሚላን ውስጥ አሮጌ ብስክሌት ከሚሸጥ ሱቅ በ2,300 ዩሮ ገዛሁት። ቴላዮው (የብስክሌቱ የብረት አካል) ላይ እጃችሁን ብታሳልፉ ቱቦዎቹ ክብ እንዳልሆኑ ይታወቃችኋል። ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ጎድጎድ ያለ መስመር አላቸው፤ ተቆርጠው ቢታዩ ኮከብ ይመስላሉ። ጣቴ ያንን መስመር ሲያገኝ ነው ልቤ የወሰነው።

ድምፁ ሲብስብኝ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ብስክሌቱን እንኳ አላነሳውም። «አርባ ዓመት የሞላው ብረት ነው፤ ይጮኻል» አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። «ይሄ እኮ የሚሰበሰብ ዕቃ ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ስቀለውና ዋጋው ሲጨምር ተመልከት።»

ስገዛው እንዲህ አላለኝም! ስገዛው «ነገ ጠዋት ኮሞ ሐይቅ ድረስ ንዳው» ነበር ያለኝ።

ሁለት ወር ተሰቃየሁ። ፔዳሎቹን ፈትቼ ግራሶ ቀብቼ መለስኩ። የኮርቻውን ብሎን አጠበቅሁ። የፔዳል ክንዶቹን በማጉያ መነጽር መረመርኩ። የዚያ ዘመን የአሉሚኒየም ክንዶች፣ የፊቱን የሰንሰለት ጥርስ ከሚይዙት ቅርንጫፎች ሥር ላይ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ። የእኔ ንጹሕ ነበር። እንግዲህ የቀረው ቴላዮው ራሱ ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሁሉም ነገር አበቃ። በዚህ ፍርሃት ነው የሽያጭ ማስታወቂያ የጻፍኩት። ፎቶም አንስቼ ነበር።

በአምስተኛው ወር አንድ ሰው ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ላከኝ። ሱቅ የለውም፤ በጓሮው ነው የሚሠራው። ብስክሌቱን አንጠለጠለና የፔዳሉን ክንድ ይዞ ወደ ጎን ወዘወዘው። ክንዱ ተነቃነቀ። «ኩሺኔቶ» አለኝ። እኔም ሳላስበው «ኩሽኔታ!» ብዬ ጮህኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። አዲስ አበባ ያደግሁት ጋራዥ አጠገብ ነው። ካቻቢቴ አምጣ፣ ፒንሳውን አቀብለኝ፣ ዳዶው ጠፋ፣ ግራሶ ቀባው፤ ይሄ ሁሉ ለእኔ አማርኛ ነው። ጣሊያን አገር መጥቼ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ቃል ሲጠፋኝ ኖሬያለሁ። በዚያ ጓሮ ግን አንድም ቃል አልጠፋኝም። ሽማግሌው መሣሪያ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ካቻቢቴ ስል እሱ ካቻቪቴ ይላል። ሰውየው ከልቡ ሳቀ፣ ከዚያ ወንበር ስቦልኝ «ና ቁጭ በል፣ አብረን እንፈታዋለን ልጄ» አለኝ። በ2,300 ዩሮ ውስጥ ይሄ እንዳለ ማን ያውቅ ነበር?

ወደ ድምፁ እንመለስ። ፔርኖው (ሁለቱን የፔዳል ክንዶች የሚያገናኘው ዘንግ) የሚያልፍበት ቤት በግራና በቀኝ ሁለት የኩሽኔታ መያዣዎች አሉት። እንደ ብሎን እየዞሩ ነው የሚገቡት። በእንግሊዞቹ አሠራር የቀኙ መያዣ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። በጣሊያኖቹ ግን ግራም ቀኝም እንደ ተራ ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞሩ ነው የሚጠብቁት። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፔዳል ስንረግጥ ፔርኖው መያዣውን ከውስጥ ዙሪያውን እየገፋ ይሄዳል፤ መያዣው ደግሞ ቀስ በቀስ በተቃራኒው ይዞራል። እርሳስ ላላ አድርጋችሁ ጨብጡና ጫፉን በክብ አዙሩት። እርሳሱ እጃችሁ ውስጥ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሽከረከር ይሰማችኋል። በቀኝ በኩል ያ አቅጣጫ ብሎን የሚፈታበት አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ የጣሊያኖቹ የብሎን ጥርስ በደንብ ካልጠበቀ ይላላል። ይህን በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ጥርሱን ከቅባት ማጽዳት፣ የብሎን ማጣበቂያ መቀባት፣ በረጅም ቁልፍ ከልብ ማጥበቅ። ሱቁ «ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተገጥሟል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ሽማግሌው የቀኙን መያዣ ሲፈታ ቁልፍ አላስፈለገውም። በእጁ ወጣ! ውስጥ ያለው ግራሶ ደርቆ ቡናማ ሰም መስሏል። ከስንት ዓመት ወዲህ ማንም አልነካውም።

ወንድሜ ሻጩ፣ ብረት አርባ ዓመት ስለሞላው አይጮኽም። ያልጠበቀ ብሎን ነው የሚጮኸው። አንተ የሥራህን ክፍተት በዕድሜው አላከክ።

አዲስ ኳሶች ገዛን፣ በየጎኑ 11፣ ሩብ ኢንች የሆኑ። አጠብን፣ ቀባን፣ ገጠምን። ጠቅላላ ወጪዬ 35 ዩሮ ነው። ያኔ ነው ይሄ ብስክሌት ምን እንደሆነ የገባኝ። የማይፈታ ነገር የለውም። የጎማዎቹን ማዕከል ብታዩ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በቀጭን የብረት ቀለበት ትሸፈናለች። ቀለበቷን ገፋ አድርጋችሁ ዘይት ጠብ ታደርጋላችሁ። የሠሩት ሰዎች አንድ ቀን አንድ ሰው እንደሚከፍተው አስበው ነው የሠሩት። ዛሬ በብዙ ብስክሌቶች ላይ ያለው ኩሽኔታ የታሸገ ነው፤ ሲያልቅ አውጥቶ መጣል ብቻ። እዚህ ኳሱን ትቀይራላችሁ፣ ሌላው ይቀጥላል።

ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ጓደኞቼ «በዚህ ብር አዲስ የካርቦን ብስክሌት አይገዛም ነበር?» ይሉኛል። ይገዛ ነበር። ይቀልም ነበር፤ የእኔ 9.6 ኪሎ ነው። ዝናብ ላይ ፍሬኑ ዘግየት ብሎ ነው የሚይዘው፣ ጎማው በሙጫ ስለሚጣበቅ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ልፋት አለው። ማርሹም የሚቀየረው ከቴላዮው ቱቦ ላይ ባለ ማንሻ ነው፤ ቦታውን በጆሮና በጣት ነው የምታገኙት። ይሄን ሁሉ አውቄ ነው የገዛሁት፣ አልቆጭም።

ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጊዛሎን ወጣሁ። ከኮሞ ሐይቅ ዳር፣ ከቤላጆ ተነስቶ ከባሕር ጠለል በላይ 754 ሜትር ላይ የሚደርስ ዳገት ነው። የፊቱ ትንሹ ማርሼ 42 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 24 ነው፤ የዛሬ ልጆች በዚህ ከባድ ማርሽ ዳገት አይሞክሩም። ጉልበቴ አለቀ። ግን ጸጥ ብሎ ነበር። የሰንሰለቱና የትንፋሼ ድምፅ ብቻ። አንድ ቦታ ላይ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ ሆን ብዬ አዳመጥኩ። ምንም የለም። እንባ መጣብኝ፣ እውነቴን ነው።

ጫፉ ላይ የማዶና ዴል ጊዛሎ ቤተ ጸሎት አለች። ማዶና ዴል ጊዛሎ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1949 የብስክሌተኞች ጠባቂ ያሏት ማርያም ናት። ውስጥ የታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች፣ የእነ ኮፒ፣ የእነ ባርታሊ፣ የእነ መርክስ ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። እዚያ ቆሜ ሻጩን አሰብኩት። እነዚህ የተሰቀሉት ሥራቸውን ጨርሰው ነው። ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳበትን ብስክሌት የሠራው ኤርኔስቶ ኮልናጎ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስሙን የጻፈበት ብስክሌት ሥራ ሳይሠራ ለምን ይሰቀላል? በቶስካና ከ1997 ጀምሮ በሚካሄደው ሌሮይካ የተባለ የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ፣ ሺዎች ከ1987 ወዲህ ባልተሠሩ ብስክሌቶች በነጭ አቧራ መንገድ ላይ ይነዳሉ። ሲነዳ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል። ይቀንስ። ለመሸጥ አልያዝኩትም፤ ማስታወቂያውንም አጥፍቼዋለሁ።

ሽማግሌው ሥራውን ሲጨርስ ቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ከቀኙ መያዣ ጀምሮ ቴላዮው ድረስ አንዲት መስመር አሰመረ። መያዣው ከላላ መስመሯ ለሁለት ትከፈላለች አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆኖታል፣ 1,900 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። በየቅዳሜው ከመውጣቴ በፊት በርከክ ብዬ በስልኬ መብራት አያታለሁ። ዛሬም አየኋት። አንድ መስመር ናት፣ ቀጥ ያለች።