የላፕቶፕ ፋን ሲጮህ ምን ይገዛ? ጣሳ አየር፣ ብሎወር፣ ፔስት፣ አዲስ ፋን ወይስ ኩሊንግ ፓድ

የላፕቶፔ ፋን መጮህ ሲጀምር ሮጬ የገዛሁት ኩሊንግ ፓድ ነበር። ላፕቶፑን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ዩኤስቢውን ሰካሁ፤ አንዱ ጩኸት ሁለት ሆነ። ከሳምንታት በኋላ የሥሩን ክዳን ስከፍት፣ ፋኑ አየር በሚተፋበት አፍና ሙቀቱን በሚያስወጣው የብረት ሽንሽን (ራዲያተር ልበለው) መካከል አቧራ እንደ ስጋጃ ተነጥፎ አገኘሁት። ጫፉን በወረንጦ ስስበው ሳይበጠስ እንደ ጨርቅ ተላቆ መጣ። ያን ቀን ማታ ላፕቶፑ ዝም አለ። የፈጀብኝ አንድ ካቻቪቴና አንድ ወረንጦ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከማወዳደራችን በፊት ድምፁን እንለይ። የምትገዙትን የሚወስነው እሱ ነው።

ድምፁ ምን ይላል?

«ሹሹሹ» የሚል የንፋስ ድምፅ ከሆነና ሥራ ሲበዛ የሚጨምር፣ ሥራ ሲቀንስ የሚረግብ ከሆነ ፋኑ ራሱ ጤነኛ ነው። የሚሮጠው ሙቀቱ አልወጣ ስላለው ነው። «ክርርር» እያለ የሚፈጭ ከሆነ፣ በተለይ ማሽኑ ቀዝቅዞ ቆይቶ ሲበራ የሚብስ ወይም ላፕቶፑን አዘንበል ስታደርጉት የሚለወጥ ከሆነ፣ የፋኑ ኩሽኔታ አርጅቷል፤ እዚህ ላይ ፔስትም (ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ፓድም አይረዳም። በእኩል ምት «ጠቅ ጠቅ» ካለ ክንፎቹን የሚነካ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከቦታው የወጣ ቀጭን ኬብል ነው፤ እሱን ወደ ቦታው መመለስ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

አንድ አሳሳች ድምፅ አለ። እንደ ትንኝ ቀጭን ሆኖ፣ ገጹን ወደ ታች ስታንሸራትቱ ወይም ቻርጀሩን ስትነቅሉ የሚለዋወጥ ከሆነ ፋኑን አትንኩት። የሚጮኸው በቦርዱ ላይ ያለው የመዳብ ጥቅል ነው፤ ሦስት ፋን ብትቀይሩም አይለቃችሁም። የቆየ፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ጠቅታው ከዲስኩ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አንድ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሉ፤ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን በላፕቶፑ ዙሪያ እያዘዋወራችሁ አድምጡ። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

የንፋስ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ታስክ ማናጀርን (ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ) ከፍታችሁ ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው እዩ። ከጀርባ የቀረ አንድ የብሮውዘር ገጽ ፋኑን ቀኑን ሙሉ ሊያስሮጠው ይችላል። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ማድረግ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚሮጥበትን ፍጥነት) ያጠፋዋል። ከባድ ሥራ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለጽሑፍና ለቪዲዮ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታይም፣ ፋኑ ግን ይረጋጋል።

ጣሳ አየር ወይስ ብሎወር?

ጣሳ አየር ስሙ ነው እንጂ ውስጡ ያለው አየር አይደለም፤ ተጨምቆ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው፣ በብዙዎቹ ውስጥ ዳይፍሎሮኢቴን የሚባለው። ይህ ጋዝ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሠራበት። ጣሳው ከተዘቀዘቀ ወይም ከተናወጠ በረዶ የመሰለ ፈሳሽ ይተፋል። ደጋግማችሁ ስትነፉ ደግሞ ጣሳው እጃችሁ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይደክማል፤ አቧራው ገና በግማሽ ሳለ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እስኪሞቅ ትጠብቃላችሁ።

ብሎወር፣ ማለትም በሞተር አየር የሚነፋው መሣሪያ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አያልቅም፣ አይቀዘቅዝም፣ ፈሳሽ አይተፋም። ችግሩ ጉልበቱ ነው፤ ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን ይጎዳዋል። ክንፎቹን በስቴኪኒ ወይም በጣት ያዙና ንፉ። በባትሪ የሚሠሩትን ስትመርጡ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሞተር ዙር አያታልላችሁ፤ ዙር ብዙ ሆኖ ነፋሱ ደካማ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ቀጭን አፍ አብሮት መኖሩንና ባትሪው በሙሉ ጉልበት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ተመልከቱ።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ካለ ብሎወሩ ያዋጣል። አንድ ላፕቶፕ በዓመት አንዴ ለማጽዳት ጣሳው፣ ካልሆነም ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሁለቱም ግን ክዳኑ ሳይከፈት ብዙ አይፈይዱም፦ ከመውጫው በኩል ስትነፉ ያ የአቧራ ስጋጃ ተመልሶ ፋኑ ላይ ይወድቃል፣ ከመግቢያው በኩል ስትነፉ ደግሞ ራዲያተሩ ላይ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። የቤት ቫክዩምን ተዉት፤ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል።

ፔስት፣ ሉህ ወይስ ፈሳሽ ብረት?

አቧራው ተጠርጎ ፋኑ አሁንም ከሮጠ፣ በቺፑ (በፕሮሰሰሩ) እና ሙቀቱን ከላዩ በሚወስደው መዳብ መካከል ያለው ፔስት ደርቆ ወይም ወደ ጎን ሸሽቶ ይሆናል። የላፕቶፕ ቺፕ እንደ ዴስክቶፑ የብረት ክዳን የለውም፤ መዳቡ በቀጥታ ነው የሚያርፍበት። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ፔስቱን ትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ እየገፋ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ሙቀት የማስተላለፍ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት የሚያታልለው። ክራዮናት የሚባለው ፔስት በአምራቹ ቁጥር 12.5 ነው፣ የሃኒዌሉ ፒቲኤም 7950 ሉህ 8.5። ለላፕቶፕ ግን እኔ 8.5ቱን እመርጣለሁ። ሉሁ በክፍል ሙቀት ደረቅ ነው፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል፤ እንደ ተራ ፔስት በቀላሉ አይሸሽም። በቺፑ ልክ ትቆርጡታላችሁ፣ ከሁለቱም በኩል ፕላስቲኩን ትልጣላችሁ። ካስቸገረ ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ልጣጩ ይላቀቃል። ጉዳቱ ማስመሰያው ገበያውን መሙላቱ ነው፤ ከማይታወቅ ሻጭ ከሆነ ብትተዉት ይሻላል።

ታማኝ ሉህ ካላገኛችሁ እንደ አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ወይም ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች2 ያለ ተራ ፔስት አያሳፍርም፤ ከሉሁ ቀድሞ መታደስ ሊያስፈልገው ይችላል እንጂ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠብታ ለትንሽ ቺፕ ትበቃለች። አሮጌውን ለመጥረግ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያስፈልጋል። የማቀዝቀዣው ብሎኖች አጠገብ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ከተጻፈ ስታጠብቁ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ሂዱ። ከሁሉም በፊት ግን የባትሪውን ሶኬት ንቀሉ።

ፈሳሽ ብረትን በአጭሩ፦ አትግዙ። ጋሊየም አለበት፤ አሉሚኒየም ይበላል፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አንዲት ጠብታ ብትንሸራተት ቦርዱ ሄደ። አንዳንድ የጌም ላፕቶፖች ከፋብሪካው ተቀብቶባቸው ይመጣሉ፤ የናንተ እንዲያ ከሆነ ማቀዝቀዣውን አታንሱት።

አንድ ጠብታ ዘይት ወይስ አዲስ ፋን?

ይህ «ክርርር» ለሚለው ነው። በብዙ ፋኖች ላይ ክንፎቹ የተያዙት በማግኔት ብቻ ስለሆነ፣ በቀስታ ሲሳቡ ተነቅለው ይወጣሉ። የደረቀውን ጠርጋችሁ ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብታደርጉ ወዲያው ዝም ሊል ይችላል። ደብሊውዲ-40 አይሆንም፤ የቀረውን ቅባት አጥቦ ራሱ ይተንናል። ግን ዘይት የተበላ ኩሽኔታን አያድንም፤ ጊዜ ይገዛል። እኔ አዲሱ ፋን እስኪደርስ ነው የምጠቀምበት።

አዲስ ስታዝዙ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ብቻ አትመኑ። አንድ ስም ያለው ላፕቶፕ የተለያየ ፋን ሊኖረው ይችላል። አሮጌውን አውጥታችሁ ተለጣፊው ላይ ያለውን የክፍል ቁጥር፣ ቮልቱን (ብዙዎቹ 5 ናቸው፣ 12 የሆኑም አሉ) እና የሽቦዎቹን ብዛት አንብቡ፤ ፎቶውን ከሻጩ ፎቶ ጎን አድርጋችሁ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ሁለት ፋን ባለው ላፕቶፕ የግራና የቀኙ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል ወይ ብትሉኝ፣ ለጸጥታ ሲባል አይሻልም እላለሁ፤ የተነቀለው ኩሽኔታም ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ኦሪጅናል ከተገኘ ግን ክርክር የለም።

ኩሊንግ ፓድ

ላፕቶፑን ገልብጡት። ሥሩ ላይ የአየር መግቢያ ከሌለ ፓዱ የሚያራግበው ፕላስቲክ ነው። ካለ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ። ወንፊት የመሰለው ባለ ትንንሽ ፋን ሙቀቱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ያንኑ ያህል የኋላ እግሮቹ ሥር የተደረጉ ሁለት የጠርሙስ ክዳኖችም ሊቀንሱ ይችላሉ። ሌላው ዙሪያውን በስፖንጅ ዘግቶ አየር በግፊት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ነው፤ ይሄኛው ሙቀቱን በእርግጥ ያወርዳል፣ ለከባድ ጌም ወይም ለረጅም ቪዲዮ ሥራ ዋጋ አለው። ብቻ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ከላፕቶፑ በላይ ይጮኻል። ጸጥታ ፈልጎ ይህን መግዛት የሚያለቅስ ሕፃን ለማስተኛት ከበሮ እንደ መምታት ነው።

የኔው ፓድ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ዩኤስቢው ተነቅሏል፤ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጎ ይይዝልኛል።